ነጻ የኮሌጅ መጻሕፍት ሲመዘኑ፦ ኦፕንስታክስ፣ ሊብሬቴክስትስ፣ ፕሬስቡክስ እና የጤና ኤክስቴንሽን ሞጁሎች

አሜሪካ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ነርሲንግ ለመማር የሚሰናዳ ተማሪ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው የክሬዲት ክፍያው ነው። ቀጥሎ የመጽሐፍ ዝርዝሩ ይመጣል፤ የአናቶሚ መጽሐፍ፣ የላብራቶሪ መመሪያ፣ ከዚያ ደግሞ የቤት ሥራ የሚሠራበት ድረ ገጽ የይለፍ ኮድ። ኮዱ አንዴ ከተከፈተ መልሶ አይሸጥም፤ ከጓደኛም አይዋሱትም። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንደመዘገበው ከጥር 2006 እስከ ሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የኮሌጅ መጽሐፍ ዋጋ 88 በመቶ ጨምሯል። በ2014 በወጣ አንድ የተማሪዎች ጥናት ደግሞ ከተጠየቁት 65 በመቶዎቹ ዋጋው ስለከበዳቸው ሳይገዙት የቀሩት መጽሐፍ እንዳለ ተናግረዋል።

ክፍት የሚባሉት መጻሕፍት የመጡት ይህን ሸክም ለማቃለል ነው። አሁን ብዛታቸው ራሱ ምርጫውን አስቸጋሪ ስላደረገው አራቱን መርጠን መዝነናል፦ ኦፕንስታክስን፣ ሊብሬቴክስትስን፣ የመጽሐፍ ማዘጋጃውን ፕሬስቡክስንና ለኢትዮጵያ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተጻፉትን 13 ሞጁሎች። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ተዘጋጅቶ ያለቀ መጽሐፍ ለሚፈልግ ኦፕንስታክስን የሚያህል የለም። የራሱን መጽሐፍ ለሚያሰናዳ ፕሬስቡክስ ይሻላል። ሊብሬቴክስትስ ጎደሎ ምዕራፍ ለመሙላት ጥሩ ነው፤ ሙሉ ኮርስ ግን ባንጥልበት እንመርጣለን። ለኢትዮጵያ ተማሪ እንዴት እንደሚጻፍ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ከጤና ሞጁሎቹ ይጀምር።

አንድ ልዩነት ከመጀመሪያው ይለይ። በነጻ የሚገኝ ሁሉ ክፍት አይደለም። በኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ተማሪ ሆኖ የካርተር ማዕከልን ሌክቸር ኖት ያላነበበ ጥቂት ነው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ሥልጠና ፕሮግራም ከጎንደር፣ ከጅማ፣ ከሐረማያና ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ጋር ያዘጋጃቸው ናቸው። ታላቅ ሥራ ነው፤ ብዙ ሺህ ባለሙያ ተምሮባቸዋል። ነገር ግን የፊት ገጻቸው ላይ የተጻፈው ፈቃድ ለትምህርት ማተምንና ፎቶ ኮፒ ማድረግን ብቻ የሚፈቅድ ነው፤ ሌላው መብት የተጠበቀ ነው። መምህር አንድ ያረጀ የመድኃኒት መጠን አይቶ አርሞ በአዲስ እትም ላውጣው ቢል በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በክፍት ፈቃድ የወጣ መጽሐፍ ግን እርማቱን ማንም እንዲያደርግ አስቀድሞ ይፈቅዳል። አራቱን የመዘንነው በዚህ ሚዛን ነው።

ኦፕንስታክስ

መቀመጫው በሂዩስተን ቴክሳስ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥሩ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ባራኒዩክ በ1999 የጀመሩት ኮኔክሽንስ የተባለ ፕሮጀክት ሲሆን፣ በኦፕንስታክስ ስም የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት፣ ኮሌጅ ፊዚክስና የሶሲዮሎጂ መግቢያ፣ የወጡት በ2012 ነው። ወጪውን የሚሸፍኑት በዋናነት እንደ ሂውሌትና ጌትስ ያሉ ፋውንዴሽኖች ናቸው። መጻሕፍቱን መምህራን ይጽፏቸዋል፣ ሌሎች መምህራን ይገመግሟቸዋል፤ አሠራሩ ከንግድ አሳታሚ ብዙም አይለይም፤ ጥራቱም ያንኑ ያህል ነው።

አናቶሚ ኤንድ ፊዚዮሎጂን እንውሰድ፤ በውጭ ያሉ የነርሲንግ ተማሪዎቻችን ብዙ የሚፈልጉት ይህን ነው። ሁለተኛው እትም በ2022 ወጥቷል። 28 ምዕራፎች አሉት። በሁለት ሴሚስተር ለሚሰጥ ኮርስ አከፋፈሉ ቀላል ነው፦ ከምዕራፍ 1 እስከ 16 ከሴል ተነስቶ በአጥንት፣ በጡንቻና በነርቭ ሥርዓት ያልፋል፤ ከ17 ጀምሮ ሆርሞን፣ ደም፣ ልብ፣ አተነፋፈስ፣ ምግብ መፈጨት፣ ኩላሊት እያለ እስከ ፅንስ ይዘልቃል። ጽሑፉ ግልጽ ነው። ድክመቱ ሥዕሎቹ ላይ ነው፤ በተለይ የጡንቻዎቹ ምዕራፍ፣ 11ኛው፣ ለላብራቶሪ ፈተና የሚበቃ ዝርዝር አያሳይም። ተማሪ ለዚያ አንድ ያገለገለ የአናቶሚ አትላስ ቢገዛ ይበቃዋል፤ የቆየ እትም ቢሆንም አጥንት አይቀየርም። የላብራቶሪ መመሪያም አብሮ ስለማይመጣ መምህሩ ለብቻው ማሰናዳት ይኖርበታል።

ከኦፕንስታክስ መጽሐፍ ሲመረጥ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ኮሌጅ ፊዚክስ በአልጀብራ የሚሠራ ነው፤ ለምሕንድስና ተማሪ የሚሆነው በካልኩለስ የተጻፈው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ነው፤ እሱም ሦስት ቅጽ አለው። ኬሚስትሪና «አተምስ ፈርስት» የተባለው ይዘታቸው በአብዛኛው አንድ ነው፤ የሚለየው የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል ስለሆነ መምህሩ የያዘውን ሳያጣሩ አለመጀመር ነው። ፕሪንሲፕልስ ኦፍ ኢኮኖሚክስ ማይክሮውንም ማክሮውንም ያጠቃልላል፤ ሁለቱ ለየብቻቸው የወጡት መጻሕፍት ከእሱ የተከፈሉ ናቸው። ሦስቱንም አውርዶ ስልክን ማጨናነቅ አያስፈልግም።

ስታቲስቲክሱ ላይ ቆም እንበል፤ ከኢትዮጵያ ሆኖ ለሚጠቀም ሰው ትልቁ እንቅፋት እዚያ ስላለ። ኢንትሮዳክተሪ ስታቲስቲክስ ብዙ ምሳሌዎቹን የሚሠራው ቲአይ 83 እና 84 በተባሉት ካልኩሌተሮች ነው፤ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን ሳይቀር ይዘረዝራል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ጥሩ ነው። ካልኩሌተሩ በእጁ የሌለ ተማሪ ግን ምሳሌው መሃል ላይ ጥሎት ይሄዳል። መምህሩ እነዚህን ክፍሎች አውጥቶ በኤክሴል ቀመር ወይም በሠንጠረዥ ንባብ ሊተካቸው ይገባል። ለምሳሌ ከመደበኛ ሥርጭት ኩርባ በታች ያለውን ስፋት ካልኩሌተሩ በአንድ ትእዛዝ ይሰጣል፤ በኤክሴል ኖርም ነጥብ ዲስት (NORM.DIST) የሚለው ቀመር ያንኑ ይሠራል። ለሙሉ መጽሐፉ ይህን መቀየር አሰልቺ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። የንግድ መጽሐፍ ቢሆን ግን እንዲህ ብሎ ለክፍሉ ሁሉ ማባዛት የቅጂ መብት ጥሰት ነበር። የኢኮኖሚክሱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ንድፈ ሐሳቡ የትም አገር ይሠራል፣ ቁጥሮቹና ተቋማቱ ግን የአሜሪካ ናቸው። ስለ ማዕከላዊ ባንክ የሚያወራው ምዕራፍ በፌዴራል ሪዘርቭ ዙሪያ የተገነባ ስለሆነ ምሳሌ በመለወጥ ብቻ አይድንም፤ ስለ ብሔራዊ ባንክ አዲስ ክፍል መጻፍ ይጠይቃል።

አጠቃቀሙ ላይ ሁለት ነገር ይታወቅ። መጽሐፉ በድረ ገጽ ይነበባል፣ በፒዲኤፍ ይወርዳል፣ የታተመ ቅጂም ይሸጣል። ስሕተት ሲጠቆም ቀድሞ የሚታረመው የድረ ገጹ ቅጂ ነው፤ ፒዲኤፉ ዘግይቶ ይከተላል። ስለዚህ ኮርስ መግለጫ ላይ የገጽ ቁጥር መጻፍ ተማሪን ያደናግራል፤ የክፍሉን ቁጥር መጻፍ ነው፣ «19.2፣ የልብ ጡንቻና የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ» እንደማለት። ሁለተኛው የመምህራን ክፍሉ ነው። ስላይዱን፣ የመልስ መመሪያውንና የጥያቄ ባንኩን ለማግኘት መምህር መሆን መረጋገጥ አለበት፤ በተቋም ኢሜይል ማመልከት ሥራውን ያፋጥናል፣ በግል ኢሜይል ያመለከተ ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። የጥያቄ ባንኩን እንዳለ ለፈተና ማውጣትን አንመክርም። በመላው ዓለም ያሉ መምህራን የሚጠቀሙበት ስለሆነ ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው ወጥተው ይገኛሉ። ቁጥሮቹን መቀየር፣ የአማራጮቹን ቅደም ተከተል ማዛባትና ቢያንስ ግማሹን አዲስ መጻፍ ይሻላል።

ነጻነቱ የሚሸረሸርበት ቦታ የቤት ሥራው ነው። ኦፕንስታክስ የሚያስተዋውቃቸው አብዛኞቹ አጋር ድርጅቶች መልመጃቸውን ለተማሪው በክፍያ ያቀርባሉ። መጽሐፉን ነጻ አድርጎ ለቤት ሥራው ኮድ የሚያስገዛ ኮርስ ዓላማውን ስቷል። ለሂሳብና ለስታቲስቲክስ ማይኦፕንማዝ አለ፤ ዴቪድ ሊፕማን የተባሉ የዋሽንግተን ግዛት የኮሌጅ መምህር የሠሩት ሲሆን ለተማሪም ለመምህርም ነጻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ቁጥር ያለው ጥያቄ ያወጣል፣ ራሱም ያርማል። ለባዮሎጂና ለነርሲንግ ግን ይህን የሚያህል ነጻ አማራጭ አላገኘንም፤ መምህሩ በኮሌጁ የትምህርት መድረክ ላይ ራሱ ጥያቄ ማስገባት ይኖርበታል።

የኦርጋኒክ ኬሚስትሪው ታሪክ ሳይነሳ አይታለፍም። የጆን ማክመሪ መጽሐፍ ለዓመታት በንግድ አሳታሚ በውድ ሲሸጥ የኖረ ነው። ደራሲው በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ላጡት ልጃቸው ለፒተር መታሰቢያ እንዲሆን አሥረኛው እትም በ2023 በኦፕንስታክስ በነጻ እንዲወጣ አደረጉ። የፈቃዱ ዓይነት ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ ለንግድ መጠቀምን ይከለክላል፣ አሻሽሎ የሚያወጣውም ሰው በዚያው ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። ካልኩለሶቹም እንዲሁ ናቸው። ብዙዎቹ የኦፕንስታክስ መጻሕፍት ግን ሲሲ ባይ 4.0 (CC BY 4.0) በሚባለው፣ ምንጭ መጥቀስን ብቻ በሚጠይቀው ፈቃድ የወጡ ናቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ መቅድሙ ላይ ስለተጻፈ ከመጀመሪያው እዚያ ገልጦ ማየት ነው።

ሊብሬቴክስትስ

በ2008 ዴልማር ላርሰን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ «ኬምዊኪ» ብለው የጀመሩት ነው። ዛሬ ከኬሚስትሪ አልፎ ብዙ የትምህርት ዘርፍ ይዟል። ጥንካሬው ብዛቱና መቀላቀያ መሣሪያው ነው፤ ከአንዱ መጽሐፍ ምዕራፍ፣ ከሌላው አንድ ክፍል እየጎተቱ አዲስ ማውጫ ማደራጀት ይቻላል። ኦፕንስታክስ የማይሸፍናቸውን የላይኛ ዓመት ኮርሶች፣ እንደ ፊዚካል ኬሚስትሪና አናሊቲካል ኬሚስትሪ ያሉትን፣ የምናገኘው እዚህ ነው።

ድክመቱም ከዚያው ከብዛቱ ይመነጫል። አንድ ርዕስ አምስት ቦታ፣ በአምስት ዓይነት ጥራት ይገኛል። መደርደሪያዎቹ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ያላወቀ ይጠፋበታል፦ ዋናው የመጻሕፍት መደርደሪያ ለሁሉም የተሰናዳ ሲሆን፣ የካምፓስ መደርደሪያ የሚባለው ግን አንድ መምህር ለራሱ ክፍል የቆራረጠው ነው፤ ጎዶሎ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው በዚህኛው ነው። ከሁሉ በላይ ፈቃዱ በየገጹ ሊለያይ ይችላል። አንድ ምዕራፍ ውስጥ አንዱ ገጽ ሲሲ ባይ፣ ቀጣዩ ለንግድ የማይሆን ሊሆን ይችላል። እየገለበጡ ከሄዱ በኋላ ማጣራት እጅግ አድካሚ ስለሆነ፣ ገጹ ሲወሰድ ፈቃዱም አብሮ ተመዝግቦ ይቀመጥ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሞጁሎቹ

እነዚህን የጻፏቸው ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ናቸው። የፌዴራል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒሴፍና አምሬፍ በጋራ ሠርተው በ2011 አወጧቸው። ከእርግዝና ክትትል እስከ ክትባት፣ ከሥነ ምግብ እስከ ጤና ትምህርት 13 ሞጁሎች ናቸው። ለርቀት ተማሪ ስለተጻፉ አሠራራቸው ለማንኛውም መጽሐፍ አዘጋጅ ትምህርት ይሆናል። እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ተማሪው ሲጨርስ ምን ማድረግ እንደሚችል በመዘርዘር ይጀምራል፤ መሃል ላይ ቆም ብሎ የሚያሳስብ ጥያቄ ከነመልሱ ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ራስን መፈተኛ አለ፤ እሱም ከመጀመሪያው ዝርዝር ጋር በቁጥር የተያያዘ ነው። ምሳሌዎቹ ገጠር ቀበሌ፣ ጤና ኬላ፣ የቤት ለቤት ጉብኝት ናቸው። ከአሜሪካ መጽሐፍ እየተተረጎመ ይህ ስሜት አይመጣም።

ችግሩ ዕድሜያቸው ነው። የክትባቱን ሞጁል ብቻ እንይ። ሞጁሉ ከወጣ በኋላ ኢትዮጵያ የሮታ ክትባትን በ2013፣ የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያውን በ2018፣ ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት በ2019 ወደ መደበኛ ፕሮግራሟ አስገብታለች። የ2011ን ሠንጠረዥ እንዳለ የሚያስተምር መምህር ተማሪውን ለፈተናም ለሥራም በተሳሳተ መረጃ ይልካል። ደስ የሚለው ፈቃዳቸው ማሻሻልን ይፈቅዳል፤ ምንጩ መጠቀሱ፣ ለንግድ አለመዋሉና ተሻሽሎ የሚወጣው በዚያው ፈቃድ መሆኑ ነው ግዴታው። አንድ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የክትባቱን ሠንጠረዥ ከወቅቱ ብሔራዊ መርሐ ግብር ጋር አስተካክሎ፣ ስለ አዲሶቹ ክትባቶች አንዳንድ ገጽ ጨምሮ በስሙ ቢያወጣው ማንንም ማስፈቀድ አይጠበቅበትም። በእኛ አገር ከባዶ አዲስ መጽሐፍ ከመጀመር ይልቅ ይህን ሥራ አስቀድሞ የሚሠራ ክፍል ብዙ ተማሪ ይጠቅማል ብለን አጥብቀን እናምናለን።

የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሞጁሎችም በቴሌግራም በፒዲኤፍ ይዞራሉ። ማንበብና ማጥናት ሌላ ነገር ነው። በያዙት ቅጂ ላይ የፈቃድ ዓይነት ካልተጻፈ ግን የቅጂ መብቱ የተጠበቀ እንደሆነ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ምዕራፍ ቆርጦ ወደ ራስ መጽሐፍ ማስገባት አይቻልም።

ፕሬስቡክስና የማዘጋጀቱ ሥራ

ፕሬስቡክስ በወርድፕረስ ላይ የተሠራ የመጽሐፍ ማዘጋጃ ነው፤ መጽሐፉ አንድ ጊዜ ተጽፎ ለድረ ገጽ፣ ለኢፐብ (በስልክና በታብሌት ለሚነበብ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል) እና ለማተሚያ የሚሆን ፒዲኤፍ ከአንድ ቦታ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲው ደንበኛ ከሆነ ለመምህሩ ነጻ ነው፤ ለግለሰብ ግን ክፍያ አለው። ፕሮግራሙ ክፍት ስለሆነ በራስ ሰርቨር መትከል ይቻላል፤ ሲተከል ግን ፒዲኤፉን የሚያወጣው ፕሪንስ የተባለው ፕሮግራም የንግድ መሆኑ ከወጪው ስሌት መቅረት የለበትም። በጀት የሌለው ክፍል በድረ ገጽና በኢፐብ ጀምሮ የሚታተመውን ነጻ የጽሑፍ ፕሮግራም በሆነው በሊብሬኦፊስ ቢያሰናዳ ያስኬደዋል።

ያለ መጽሐፍን አሻሽሎ ለመጀመር የተሻለው መንገድ ማባዣ መሣሪያው ነው። በፕሬስቡክስ ማውጫ ውስጥ በክፍት ፈቃድ ያለ መጽሐፍ ተገኝቶ በአንድ ትእዛዝ ከነሥዕሉ ወደ ራስ ይገለበጣል። አንዳንድ የኦፕንስታክስ መጻሕፍትም በዚህ መልክ ተዘጋጅተው ይገኛሉ፤ የካናዳው ቢሲካምፓስ ያሰናዳቸው አሉ። ከፒዲኤፍ ኮፒ ማድረግ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ መስመሮቹ ይሰባበራሉ፣ ሠንጠረዦቹ ይፈርሳሉ፣ ቀመሮቹ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናሉ።

ከዎርድ ለሚያስገባ ደግሞ እያንዳንዱ የምዕራፍ ርዕስ «ሄዲንግ 1» በሚለው ስታይል መሆን አለበት፤ ፕሮግራሙ ምዕራፉን የሚከፍለው እሱን አይቶ ነው። ርዕሱን በደማቅና በትልቅ ፊደል ብቻ የጻፈ ሰው ሙሉ መጽሐፉ እንደ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ይገባለታል። በዎርድ የቀመር መጻፊያ የተሠሩ ቀመሮች ብዙ ጊዜ ስለማይሻገሩ በላቴክ (ቀመርን በጽሑፍ ትእዛዝ የመጻፊያ ዘዴ) እንደገና ማስገባት ይጠይቃሉ፤ ቀመር የሚበዛበት ኮርስ ከመጀመሪያው በላቴክ ቢጻፍ ይሻላል። ሥዕል ለኅትመት በኢንች 300 ነጥብ ያስፈልገዋል፤ ስድስት በዘጠኝ ኢንች በሆነ መጽሐፍ የጽሑፉ ስፋት ወደ 4.5 ኢንች ስለሚሆን የሥዕሉ ስፋት ከ1350 ፒክሰል ማነስ የለበትም። ከአምስት ዓምድ በላይ ያለው ሠንጠረዥ በኅትመት ከገጹ ይወጣል፤ ለሁለት ይከፈል። ለእያንዳንዱ ሥዕል ማየት ለተሳነው ተማሪ የሚነበብ ገላጭ ጽሑፍ ከሥዕሉ ጋር በአንድ ጊዜ ይጻፍ። አሜሪካ ውስጥ በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ ይህን ለመንግሥት ኮሌጆች ግዴታ አድርጎታል፤ መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ለመቶዎች ሥዕል ገላጭ መጻፍ ደግሞ ሥራውን ያቆመዋል።

መጠኑንስ? ለአንድ ሴሚስተር ኮርስ ከ12 እስከ 14 ምዕራፍ፣ ምዕራፉ በአማካይ 6000 ቃል ይበቃል። አንድ ሰው ሁሉን ከሚጽፍ ሁለት ወይም ሦስት ጸሐፊ፣ አንድ የቋንቋ አርታኢ፣ አንድ የሥዕልና የፈቃድ ተቆጣጣሪ ይሁኑ። የመጨረሻው ሰው እንደ ተራ ረዳት ይታያል፤ መጽሐፍ ሲዘገይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የዚህ ሰው አለመኖር ነው። ሥራው አንድ መዝገብ መያዝ ነው፦ የእያንዳንዱ ሥዕልና ምንባብ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ምንጭና ፈቃድ፣ ከዚያ የተደረገው ለውጥ። ከኢንተርኔት ፍለጋ የተለቀመ ሥዕል ምንጩ ካልታወቀ፣ ምንም ያህል ቢያምር አይገባም። አንድ ምዕራፍ ተጠናቆ በአንድ ክፍል ተማሪዎች እጅ ሳይሞከር ሁለተኛው ባይጀመር ጥሩ ነው፤ የአቀራረቡ ጉድለት በመጀመሪያው ላይ ይወጣል፣ 12 ምዕራፍ ከመለወጥም ያድናል።

ፈቃድ ማቀላቀል ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። የኦፕንስታክስ ሲሲ ባይ ምዕራፍ ከጤና ሞጁሎቹ ጋር ሊቀላቀል ይችላል፤ ውጤቱ ግን የሞጁሎቹን ፈቃድ ይዞ ለንግድ የማይውል ሆኖ ይወጣል። የዊኪፔዲያ ጽሑፍን ከጤና ሞጁሎቹ ጽሑፍ ጋር አዋሕዶ አንድ ምዕራፍ ማድረግ ግን አይቻልም፤ ሁለቱም «በእኔ ፈቃድ ብቻ ይውጣ» ስለሚሉና ፈቃዶቹ የተለያዩ ስለሆኑ። ለውጥን የሚከለክለው ፈቃድ ያለበት ጽሑፍ ተተርጉሞም አይታተምም። ከኦፕንስታክስ ሲወሰድ ስሙ፣ አርማውና የሽፋኑ ሥዕል በፈቃዱ ውስጥ እንደማይካተቱ መታወቅ አለበት፤ አዲስ ሽፋን ይሠራለታል፣ ዋናው መጽሐፍ በድረ ገጹ በነጻ እንደሚገኝ የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር ግን ይገባል። ምንጭ አጠቃቀሱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ይህ ምዕራፍ ከኦፕንስታክስ አናቶሚ ኤንድ ፊዚዮሎጂ፣ ሁለተኛ እትም፣ ምዕራፍ 19 የተወሰደ ነው፤ ፈቃዱ ሲሲ ባይ 4.0። ምሳሌዎቹ ተቀይረዋል፣ የአማርኛ መፍቻ ተጨምሯል።» ያላሻሻሉትን አሻሽለናል ማለትም፣ ያሻሻሉትን መደበቅም ሁለቱም ስሕተት ነው።

የኮሌጅ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ሙሉ መጽሐፍ ወደ አማርኛ መተርጎም ብዙ ጊዜ አዋጪ አይደለም። በየምዕራፉ መጨረሻ ከ25 እስከ 40 ቃል ያለው የአማርኛ መፍቻ ግን በአዲስ አበባም ሆነ በቨርጂኒያ ያለ ተማሪን ይደግፋል፤ የእንግሊዝኛው ቃል ቀድሞ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ። ፊደሉ ዩኒኮድ ይሁን፤ በድሮ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ የላቲን ምልክቶች ጥርቅም ይሆናል። አቢሲኒካ ሲል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነጻ የሚወርዱና በፒዲኤፍ ውስጥ ሊካተቱ የሚፈቀድላቸው ናቸው። አንድ ገጽ ቀድሞ ወደ ፒዲኤፍ አውጥቶ መመልከት ነው፤ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ከታየ ፎንቱ አልተካተተም ማለት ነው። አራት ነጥብ በሁለት ሁለት ነጥብ አይተየብ፤ መስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ይሰበራል። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ በመላው መጽሐፉ በአንድ ዓይነት ካልተጻፉ በፍለጋ የሚፈልግ ተማሪ ቃሉን አያገኘውም።

ለሚያሠራጭ ደግሞ ሙሉውን ፒዲኤፍ በአንድ ፋይል ከመልቀቅ በየምዕራፉ ከፍሎ መላክ ይበጃል፤ በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ተማሪ የዚህን ሳምንት ምዕራፍ ብቻ ይወስዳል። በየፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ የእትም ቁጥርና የታረመበት ቀን ይጻፍ፤ አለዚያ በቴሌግራም የሚዞረው ያረጀው ቅጂ ከአዲሱ አይለይም። ለእርማት የሚላክበት አንድ የኢሜይል አድራሻና በየሴሚስተሩ ማብቂያ እርማቱን የሚያስገባ የተወሰነ ሰው ይኑር።

በፎቶ ኮፒ ቤት ማባዛትን በተመለከተ ለንግድ በማይሆነው ፈቃድ ላይ ጥያቄ ይነሳል። አሜሪካ ውስጥ በ2018 የሁለተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤቶች ለራሳቸው ጥቅም ሲያስባዙ ማባዣው ቤት የአገልግሎት ዋጋውን ማስከፈሉ ፈቃዱን እንደማይጥስ ወስኗል። ውሳኔው ከአሜሪካ ውጭ አያስገድድም፤ አመክንዮው ግን ግልጽ ነው፦ ተማሪው የገጹንና የጥረዛውን ዋጋ ይከፍላል፣ ማባዣው ቤት መጽሐፉን አስቀድሞ አባዝቶ በመደርደሪያ ቢሸጥ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ጥቁርና ነጭ ለሚያስባዛ ክፍል የሥዕል ቀለሞች ቀድመው ይፈተሹ፤ ደም ወሳጅና ደም መላሹን በቀይና በሰማያዊ ብቻ የሚለይ ሥዕል በግራጫ ሁለቱም አንድ ይሆናሉ፤ በላያቸው ስም ወይም ቀስት ይጨመርባቸው።